አፍ ዘግቶ መዋኘት

ሮም አጠገብ ያለው የኦስቲያ ባሕር ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ አንድ የእጅ ሰዓት፣ አንድ የፍልሰታ ሱባኤ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዙ እንቅልፍ። ደስታም ሰጥቶኛል፤ እሱን አልክድም። ዋጋው ግን ከበደኝ።

ሰዓቱን ያሰረችልኝ ባለቤቴ ብርሃኔ ናት፣ ከአገር በወጣሁበት ምሽት። መርካቶ የነበረኝን የጨርቅ ሱቅ ቀበሌ አሽጎታል፤ ቀጥሎ የሚታሸገው እኔ ስለነበርኩ በድሬዳዋ አድርጌ ወደ ጅቡቲ ልሻገር ነው። ብርሃኔ ሰዓቱን እጄ ላይ አጥብቃ፣ «የትም ብትደርስ እንዳትነካው። የእኛን ሰዓት ይቁጠር» አለችኝ። «ሻጩ ውሃ አይገባውም ብሎ ምሎልኛል» ብላም ጨመረች። እኔም በዚያው መሐላ ስንቱን ዕቃ ሸጫለሁ።

ጅቡቲ ባሕርን መጀመሪያ ሳየው የገረመኝ፣ ይህን ሁሉ ንብረት ያለ ዘበኛ መተዋቸው ነው። አልነካሁትም። ከዚያ ሮም ገባሁ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቀበቶና ጃንጥላ አንጥፌ እሸጣለሁ፤ ፖሊስ ሲመጣ ጨርቁን በአራቱም ጫፍ ሰብስቤ እሮጣለሁ። ቶር ፒኛታራ ሰፈር ውስጥ ከተፈራ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተናል። ተፈራ የአንድ ዲፕሎማት ሾፌር ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ይመክራል።

በዚያ ክረምት ብርሃኔ ለራሷና ለልጃችን የመውጫ ቪዛ አመለከተች። ቀበሌው «መጀመሪያ ባልሽ ይምጣ» ይላታል። ባሏ ቢመጣ ቪዛውን ምን ታደርገዋለች? ሌላ በር ስላጣን በስልክ ተስማማን፦ ሁለታችንም ፍልሰታን ሱባኤ እንይዛለን፤ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፋችን አይዞርም። አዲስ አበባ ከሮም በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ ዘጠኙ የእሷ ዘጠኝ እንዲሆን ወሰንን። «የአንዳችን ከፈረሰ የሁለታችንም ፈረሰ» አለችኝ። ሰዓቱን ከእጄ የማላወልቀው ለዚህ ነው።

ነሐሴን በዝናብና በጭቃ የለመደ ጿሚ ሮም ላይ ምን እንደሚያገኘው ልነግራችሁ አልችልም። አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ሰዉ ለእረፍት ወጥቶ ከተማው ባዶ፣ ገዢ የለም። አከራያችን ሲኞራ ደግሞ ገላ መታጠብ የምትፈቅደው በሳምንት አንዴ ነው።

«ሲኞራ፣ ሙቀቱ ገደለን» አልኳት።

«ባሕር ሂዱ፤ እሱ ቆጣሪ የለውም» አለች።

ሄድን። እትዬ አስካለም አብረውን መጡ፤ ሰው ቤት የሚሠሩ ትልቅ ሴት ናቸው፣ አሠሪዎቻቸው ለእረፍት ተራራ ወጥተው ነበር። ኦስቲያ ስንደርስ ነጠላቸውን ተከናንበው አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

«ግባ እንጂ» አለኝ ተፈራ። «ቆዳ ውሃ ቢነካው ጾም አይፈርስም። አፍህን ብቻ ዝጋ።»

«አንዲት ጠብታ ከገባች ፈርሷል» አሉ እትዬ አስካለ። «ውሃ ብቻ ቢሆን ደግ። ይሄ ጨው አለው። ጨው ያለው ወጥ ነው።»

«እትዬ፣ ሽንኩርት የሌለው ወጥ የት አይተዋል?»

«አንተ ስትሠራ።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ከንፈሬን ገጥሜ ገባሁ።

ዋና የተማርኩት በልጅነቴ ቀበና ወንዝ ውስጥ ነው። ባሕሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጣቃ ተሸክሜ ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን የሚሸከም አገኘሁ፤ ያውም ሳይከራከር። ትከሻዬ ቀለለኝ፣ ጥማቱ ጠፋኝ፣ ቀበሌው ጠፋኝ። በጀርባዬ ተንሳፍፌ ሰማዩን አየሁ፤ የሳቅኩ ይመስለኛል፣ በአፍንጫዬ። ከዚያ ተገልብጬ ቀጥ ብዬ ዋኘሁ። የወንዝ ልማድ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የገባ ወደ ማዶ ነው የሚሄደው። ብሄድ ብሄድ ማዶው የለም።

ዞር ስል የእትዬ አስካለ ነጠላ የጥፍር ያህል ሆኗል። ልመለስ ብዬ ብቀዝፍ ውሃው እኔን ይዞ ወደ ውጭ ይሄዳል። ክንዴ ዛለ። በአፍንጫ ብቻ መተንፈስ አልበቃ አለኝ። ልጩህ አልኩ፤ አፌን ከከፈትኩ ግን ባሕሩ ይገባል፣ የብርሃኔም ሱባኤ ከእኔው ጋር ይፈርሳል። ሰዓቴን አየሁ፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። ዘጠኝ ሲሆን እጮሃለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ጠበቅኩ። ማዕበሉ አንዴ አሰመጠኝ፣ ወጣሁ። አየሁ፤ ሩብ ጉዳይ። ደግሞ ሰመጥኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። ሩብ ጉዳይ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ መሐላው የመርካቶ መሐላ ነው። ሰዓቱ ቆሟል። እዚያ ዘጠኝን ስጠብቅ ልሞት ነው።

«አዩቶ፣ እርዱኝ» ብዬ ጮህኩ። ባሕሩም ገባ።

ዋናተኞችን የሚጠብቀው ባኚኖ በቀይ ጀልባ መጥቶ እንደ ጆንያ ጎትቶ አወጣኝ።

«ለምን ቀድመህ አልጮህክም?»

«ጾም ላይ ነኝ።»

«ከምን?»

«ከውሃ።»

ባሕሩን አየ፣ እኔን አየ። «እንግዲያው ቦታ አልመረጥክም።»

«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

«ሁለት ገደማ።» የእነሱ ከቀትር በኋላ ሁለት፣ አዲስ አበባ ዘጠኝ ነው።

«ገደማ ማለት አልፏል ወይስ ይቀረዋል?»

«ሞተህ ቢሆን ኖሮ በትክክል እመዘግብልህ ነበር» አለኝ።

እትዬ አስካለ እያለቀሱ በነጠላቸው አደራረቁኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «ዋጥክ?» አሉኝ።

«ዋጥኩ።»

«ብዙ?»

«ባሕሩ የጎደለ አልመሰለኝም።»

እሑድ ከስልክ ቤት ደወልኩላት፤ ብርሃኔ ስልክ ያለው ጎረቤት ቤት ሆና ትጠብቀኛለች። ሁሉንም ነገርኳት። መስመሩ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ዋና ትችላለህ እንዴ?» አለች።

«ቀበና ነው የተማርኩት።»

«አንድም ቀን አልነገርከኝም።» ቀጥላም፣ «ዘጠኝ ሞልቶ ነበር?»

«አላውቅም፣ ብርሃኔ።»

«እንግዲያው ጷጉሜን እንጨምርበት። ሁለታችንም። ከዚያ ውሃ ደግሞ አደራ።»

አንዳንድ ሐሙስ አሁንም ኦስቲያ እሄዳለሁ። ያ መንሳፈፍ ይናፍቀኛል፤ ከጉልበቴ በላይ ግን አልገባም። ጷጉሜን ጾምናት። ሰዓት ሠሪው ውስጡን ጨው በልቶታል ብሎ መለሰልኝ። መስከረም ላይ ቀበሌው ብርሃኔን ሌላ ጊዜ ተመለሺ አላት። ጠቅላላ ሒሳቡ ይኸው ነው፦ እኔ አለሁ፤ እነሱ አልመጡም።