ሠላሳ አራት ቁጥር አልወጣም

እኛ ፓርክ በር ላይ የሚቆመውን ዘበኛ በስሙ የሚጠራው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌሎቻችን «ስንት ቀረ» ነው። ከጎኑ ባለችው ጠባብ ክፍል ትኬት ስለምቆርጥ ድምፁን ከራሱ አስበልጬ አውጥቼዋለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «ስንት ቀረ?» ካልኩ የፓርኩ ሾፌር ደንግጦ ሲጋራውን ይጥላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገደሉ በታች ወዳለው ወንዝ የሚወርድ ሁሉ በሩ ላይ ምስማር ከተመታበት ሳንቃ አንድ የቆርቆሮ ቁጥር ይወስዳል፣ ሲወጣ ይመልሳል። ምስማሮቹ ካልሞሉ በሩ አይዘጋም። ይህን ሕግ ያመጣው እሱው ነው። ሥራ በጀመረ ሰሞን ሰው የወጣ መስሎት ቆልፎ ሲሄድ፣ ለካ አንዲት አስተማሪ እግሯ ወልቆ ታች ቀርታለች። ሴትዮዋ በማግስቱ እየሳቀች ነው የወጣችው። እሱ ግን እስከ ዛሬ አልሳቀበትም።

ታዲያ ደረቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። አሮጊት ስትወርድ ካየ አጎንብሶ ጫማዋን ያስራል። ፍቅረኞች ሲመጡ ሁለት ቁጥር ይሰጥና «አብራችሁ ውጡ እንግዲህ» ይላል። ተኳርፈው ተራ በተራ የወጡ እንደሆነ እኔ ሳምንት ሙሉ አወራዋለሁ። እሱ ሐሜት አይወድም፤ አንድም ቃል ሳያመልጠው ይሰማል እንጂ።

ሚስቱ እትዬ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወርዳ አታውቅም። «ጉድጓድ ለማየት ምን አስወረደኝ?» ነው መልሷ።

ባለፈው ወር ልጃቸው ከተማ ሆስፒታል ወለደችላቸው። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ! የፓርኩ ፒካፕ ወደ ከተማ የሚሄደው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ አስራ ሁለት ላይ ጠያቂ ያስወጣል። እትዬ ሾርባዋን በፔርሙዝ ይዛ ገና በስምንት ሰዓት ከተፍ አለች።

«ከምትቁለጨለጪ እስቲ ዛሬ እንኳን ውረጂ» አላት።

ደስታው ነው መሰለኝ ክርክር አላማራትም፣ ወረደች። እሱ የአንድ ሽማግሌ ጫማ እያሰረ ስለነበር ጀርባዋን ብቻ ነው ያየው። ስትመለስ እያነከሰች ስለነበር ከበሩ ወረፋ ይልቅ በእኔ ክፍል በኩል፣ በጓሮ በር አስገባኋት።

ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዘበኛው ወደ እኔ መስኮት መጣ።

«ስንት ቀረ?»

«አንድ። ሠላሳ አራት» አልኩት ሳንቃውን አይቼ።

ፊቱ አመድ መሰለ። ፊሽካውን ነፋ፤ ማንም የለም። ሾፌሩ ደግሞ ጥሩምባውን ነፋ።

«ሰውዬ!» አለች እትዬ ከፒካፑ ውስጥ፣ ፔርሙዙን እንደ ልጅ አቅፋ። «ቁልፉን ለዚህች ስጣትና ና!»

«ሰው ታች አለ።»

«ያ ሰው እናት የለውም? እሷ ትፈልገው!»

«እናቱ እስክትመጣ እኔ አለሁ። አንቺ ሂጂ።»

«ያላንተ? ልጅህን ምን ልበላት? አባትሽ ቆርቆሮ እየጠበቀ ነው ልበላት?»

ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ያንን የታመመ ጉልበቱን ይዞ ቁልቁል።

«አስር ደቂቃ!» አለ ሾፌሩ። «ከዚያ በኋላ ፈጣሪም ቢለምነኝ የለሁም!»

እኔና እትዬ ገደሉ አፋፍ ላይ አጥሩን ተደግፈን ቆምን። ከታች ድምፁ ይመጣል፤ «ሠላሳ አራት!» ገደሉም ተቀብሎ፣ አራት... አራት... ይላል።

«ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው ይሄ ሠላሳ አራት!» አለች እትዬ። «እግሩን ይስበረው!» ወዲያው ደግሞ፣ «አይ፣ አይስበረው። ይሄ ሞኝ ተሸክሞ ሊያወጣው ነው።»

በሦስተኛው ጥሪ ድምፁ ሲሰነጠቅ እትዬ እንባዋ መጣ። ልትጠርገው የሻሿን ጫፍ ስትስብ ቋጠሮ አለበት። ፈታችው። ቆርቆሮ። እሷ አየችው፣ እኔ አየሁት። ሠላሳ አራት።

«እትዬ!»

«ዝም በይ! በምሳም በራትም ‹ቁጥር ሳይዝ የሚወርድ የለም› እያለ ሃያ ሁለት ዓመት ነዝንዞኝ... እንዳይጨቀጭቀኝ ብዬ ከምስማሩ ላይ ራሴ አነሳሁት!»

እኔም በጓሮ ያስገባኋት ሴት ጎብኚ መሆኗ ትዝ አላለኝም። ደግሞ የዘበኛ ሚስት ማን ይቆጥራል?

ለውሸት እኔን የሚቀድመኝ የለምና «እንስቀለውና ‹አንድ ጎረምሳ መልሶ ሄደ› እንበለው» አልኳት። ትንሽ አሰበች። ከታች ድምፁ እየራቀ ነው።

«አይሆንም። የት ቆይቶ እንደወጣ ሳያውቅ አይተኛም፤ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። «ሠላሳ አራት እኔ ነኝ! ውጣ አንተ ሰው!»

አንተ ሰው... አንተ ሰው... አለ ገደሉ።

እያለከለከ ወጣ። ቁጥሩን ከእጇ ተቀበለ፣ በሱሪው ወለወለ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለ። እኔ ቁጣውን ነገ ደግሜ ላሰማ ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

«እስከ ውሃው ደረስሽ?» አላት።

«እግሬን ነከርኩ። አረንጓዴ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ነግሬሻለሁ።»

«እኔ የሰማሁት ስለ ቆርቆሮው ብቻ ነው።»

«እናንተ ሰዎች! ፍቅሩን መኪና ውስጥ!» አለ ሾፌሩ። አስር ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል፤ ሲያወራ እንጂ እሱም የሚጨክን አንጀት የለውም።

ሆስፒታል የገቡት ለአስራ ሁለት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ነው። እኔ አልነበርኩም፤ እትዬ ነች የነገረችኝ። ነርሷ ሕፃኗን ስታሳቅፈው የሕፃኗ እጅ ላይ የታሰረች ቁጥር አየ። ቀስ ብሎ አነበባት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣

«ልጅቷ ስትወጣ ይቺ ቁጥር የምትመለሰው ለማን ነው?» አለ።

ነርሷ በሳቅ ሞተች። እሱ ግን ልጅቷን እንዳቀፈ መልሱን ይጠብቅ ነበር።