የደሴት መጽሐፍና የደበቅሁት በሶ

አንኮበር ላይ ደብተራና ቁም ጸሐፊ ሳለሁ የቤተ መንግሥቱን ጠመንጃ የሚጠግን ፈረንጅ ጎረቤቴ ነበር። እንደ አገሩ ሰዎች አጠራር ‘ሙሴ’ ነበር የምንለው። አማርኛውን አጥርቶ ይናገራል። አንድ ክረምት ከአገሩ ያመጣውን መጽሐፍ በአማርኛ እየነገረኝ እንድጽፍለት ለመነኝ። ታሪኩ መርከቡ ተሰብሮበት ሰው በሌለባት ደሴት ብቻውን ስለቀረ ሰው ነው። ሰውየው ጎጆ ይቀልሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ይጸልያል፤ ከዓመታት በኋላ ሲያገኙት ከበፊቱ ይልቅ ደግ ሆኖ ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ታሪኩን ግን ከልቤ ወደድሁት።

እሱን ጽፈን ስንጨርስ ሙሴ ሌላ መጽሐፍ አወጣ። “ያኛው በአያቴ ዘመን የተጻፈ ነው፤ ይህ የአሁን ነው” አለኝ። በዚህኛው ደሴት ላይ የቀሩት አምስት ናቸው። የሚጠጣ ውሃ ሲያንሳቸው ተጋደሉ፤ የተረፈው አንዱ ብቻ ነው።

“ለምን እንዲህ ክፉ አደረጓቸው?” አልሁት።

“የአገሬ ጸሐፊዎች ስለ ሰው ያላቸው ሐሳብ ተለወጠ። ድሮ ሰው ብቻውን ሲቀር ፈጣሪውን ያገኛል ይሉ ነበር። ዛሬ የሚያገኘው በውስጡ ያለውን አውሬ ነው ይላሉ።”

“በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው እንዲህ ብዬ አልጽፍም” አልሁና ብዕሬን ሰበሰብሁ። ሙሴም አላስገደደኝም።

በዚያው ነሐሴ ከቆላ የሚመጣ ወረቀት መንገድ ላይ ቀርቶበት እንዳመጣለት ላከኝ። መንገዱን የሚያውቅ አንድ እስላም ነጋዴ ከአልዩ አምባ አብሮኝ ወረደ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ በሚወርድበት ቦታ የመጀመሪያውን ተሻግረን መካከል ያለችው ጉብታ ላይ እንደወጣን፣ ደጋ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ደረሰ። ስንቃችንን የጫንንባትን በቅሎ ከነጭነቷ ወሰዳት። በፊታችንም በኋላችንም ውሃ ሆነ።

እዚያ ሦስት ቀን ቆየን። ነጋዴው ኪሱን ፈትሾ ጥቂት ተምር አገኘ። “አንተስ ምን ተረፈህ?” ብሎ ጠየቀኝ።

“ምንም” አልሁ። በኩታዬ ሥር ግን አንድ ትንሽ ስልቻ በሶ ታጥቄ ነበር።

እሱ ተምሩን ለሁለት ከፈለው። “ጾም ላይ መሆንህን አውቃለሁ፤ ይህ ጾምህን አይሽርብህም” አለና ብዙውን ለእኔ ሰጠኝ። ተቀበልሁ። እሱ ፊቱን አዙሮ ሲሰግድ፣ ግንባሩ መሬት ሲነካ ጠብቄ፣ በሶውን በእፍኜ እየዘገንሁ ደረቁን ዋጥሁት። በሰገደ ቁጥር እንዲሁ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ሲጎድል እሱ መቆም አቅቶት ደግፌ አሻገርሁት። እኔ ለምን እንዳልደከምሁ አልጠየቀኝም።

ስመለስ ሙሴ “እንዴት ነበር?” ቢለኝ “ዝናብ ነበር” ብቻ አልሁት። ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። እያንዳንዱ መጽሐፉ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ጉብታዋ ላይ ግን ሁለቱም ዓይነት ነበርን። ብዙም ሳይቆይ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲዛወር እሱም መጻሕፍቱን ይዞ ሄደ። ኋላ ሳጠያይቅ አገሩ ገባ አሉኝ።

ነጋዴው ግን ታሪኩን በየገበያው ያወራ ኖሯል። አልዩ አምባ በወረድሁ ቁጥር ሰዉ ይነሣልኛል። እሱም እጄን ይዞ “ያለችንን ተካፍለን፣ እኩል ተርበን፣ በመጨረሻ ተሸክሞ ያሻገረኝ ወንድሜ ይህ ነው” ይላል። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ሰዉ ይህን ትሕትና ነው ይለዋል። ለብቻችን ስንሆን እነግረዋለሁ እያልሁ ዓመታት አለፉ።

ከብቱ ሁሉ ባለቀበት በዚያ ክፉ ጊዜ የነጋዴው ሴት ልጅ ሕፃን አዝላ አንኮበር ድረስ መጣች። አባቷ መሞቱን ነገረችኝ።

“ሳይሞት ‘ከቸገረሽ ወደ ደብተራው ሂጂ፤ እሱ ብቻውን አይበላም’ ብሎኝ ነበር” አለች።

ከነበረኝ ገብስ ግማሹን ሰፈርሁላት። ስትመርቀኝ “ልጄ፣ አባትሽ…” ብዬ ጀመርሁ። ቀና ብላ ጠበቀችኝ። ፊቷ የእሱን ይመስላል።

“አባትሽ ደግ ሰው ነበር” አልኋት።

“እሱም ስለ እርስዎ እንዲህ ነበር የሚለው” አለችና እጄን ስማ ቁልቁለቱን ወረደች።