ሩት ሕመሟን አልደበቀችም

የልጅ ልጄ ሩት ባለፈው ወር እዚህ አሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አርፋለች። ሐኪሞቹ የገደላት የሳንባ ምች ነው ብለው ጽፈዋል። ሐኪም ያየውን ይጽፋል፤ አልከራከርም። እነሱ ያላዩትን ግን እኔ እጽፋለሁ። ሩት ኮሌጅ ሳለች ለቡድኗ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት አንገቷ ተሰበረ። ከጨዋታው በፊት አንገቷን ማዞር እንዳቃታት፣ እጇንም እየነዘራት እንደሆነ ለአሰልጣኟ ነግራው ነበር። እያወቀ አሰለፋት። ከተሰበረች በኋላ ደግሞ «አልነገረችኝም፤ ደብቃኝ ነው» ብሎ ለኮሌጁም፣ ለጋዜጠኞችም፣ ለወለደቻት እናቷም ተናገረ። በደሉ ይህ ነው። እግሯን ያሳጣት ጨዋታው ነው ቢሉኝ እሰማለሁ። ስሟን ያጠፋው ግን እሱ ነው።

የሰውየውን ስም አልጽፍም። አክብሬው አይደለም። ከሩት ስም ጋር በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን እንዲቀመጥ ስላልፈለግሁ ነው።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ሟችን አንቱ ማለት ደንብ መሆኑን አውቃለሁ። አጥቤ ያሳደግኋትን፣ ጸጉሯን ጉንጉን የሠራኋትን ልጅ አንቱ ብላት ግን ራሷ ትስቅብኛለች። ስለዚህ እንደ ኖርነው እጽፋለሁ።

እናቷ ገነት ልጄ ናት። አረጋውያን መጦሪያ ቤት ቀንም ማታም ስለምትሠራ ሩትን የያዝኳት እኔ ነኝ። ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ አንድ የኳስ ሜዳ አለ። ቁመቷ ገና ከትከሻዬ ሳይደርስ ከወንዶቹ ጋር ትጋፋ ነበር። ዳኛ የላቸውም፤ ጥፋቱን ያጠፋው ራሱ ነው የሚናገረው። ወንዶቹ «አልነካሁም» እያሉ ሲጨቃጨቁ እሷ እጇን ታነሣለች። ኳሱ ጣቷን ነክቶ ከወጣ ማንም ሳያይ «የእኔ ነው» ብላ ለሌላው ትሰጣለች። በመስኮት እያየሁ «ምን ያለችው ሞኝ ናት» እል ነበር። ስትገባ ብጠይቃት «እማማ፣ ዋሽቼ ካሸነፍኩማ አላሸነፍኩም» አለችኝ። ደበቀች የተባለችው ይህች ልጅ ናት።

ያን ቀን የሆነውን ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። ደጋግሜ ጠይቄአት አንድም ቃል ቀይራ አታውቅም። ወደ ጨዋታው በሚሄዱበት አውቶቡስ ውስጥ ከወንበሯ ተነሥታ ፊት ለፊት ወደ ተቀመጠው አሰልጣኝ ሄደች። ልምምድ ላይ ከወደቀች ወዲህ ያለውን ሕመም ነገረችው። እሱም «በዚህ ወቅት የማያመው ማን አለ? ስንደርስ ማሊያሽን ልበሺ» አላት። ለበሰች። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ከአንዲት ተጫዋች ጋር ተላትማ ወደቀች። ከደረቷ በታች አካሏ ዳግመኛ አልታዘዛትም።

አሁን የምጽፈው የሚያንገበግበኝን ነው። ሰውየው ሆስፒታል መጣ። አበባ ይዟል። ረጅም ስለሆነ ጎንበስ አለና «ሶሪ» አለኝ። እኔ እንግሊዝኛዬ የገበያና የአውቶቡስ ነው። በገበያ ሰው ሲጋፋኝ «ሶሪ» ይለኛል፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ የጠየቀኝ መሰለኝ። ተነሥቼ ግንባሩን ሳምኩት። «ይቅር ብያለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ» አልኩት። ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ አለቀሰ።

ሲወጣ ሩት አንገቷ እንደ ታሠረ በዓይኗ ጠራችኝ።

«እማማ፣ ምን ብሎሽ ነው የሳምሽው?»

«ይቅርታ ጠየቀኝ።»

«ኖ፣ አልጠየቀሽም። አዘንኩላችሁ ነው ያለሽ። ድመቱ ለሞተበት ሰውም እንደዚያው ነው የሚሉት።»

ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ያልጠየቀኝን ይቅርታ ይዞብኝ ሄደ። እቃ ቢሆን ፖሊስ እጠራበት ነበር።

ሩት ግን እኔ እንደምናደደው ስትናደድ አልኖረችም። ሥራ ነበራት። መጀመሪያ ማንኪያ መያዝ ተማረች። ላጎርሳት ስል «እማማ፣ እጅሽን ሰብስቢ። እየደፋሁም ቢሆን የምበላው እኔ ነኝ» ትለኛለች። ደፋች፤ አንሶላውን አጠብኩ፤ እንደገና ደፋች። ከዚያ ከአልጋ ወደ ዊልቸር በለስላሳ ጣውላ ላይ ተንሸራትታ መሻገር ተማረች። ከዚያ ነዳጁም ፍሬኑም በእጅ የሚሠራ መኪና መንዳት። መጀመሪያ ቀን አብሬአት ስሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ደገምኩ። «ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ ሙዚቃ ልከፍት ነው» አለችኝ። ኮሌጁንም ጨረሰች፤ ያንን ኮሌጅ ሳይሆን ሌላ። ዊተን በሚገኝ አንድ ማገገሚያ ቤት ተቀጠረችና አዲስ ለተጎዱ ሰዎች መሻገርን፣ መልበስን፣ መንዳትን ታስተምር ጀመር።

አቶ ታደሰን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ታክሲ ሲነዱ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው እግራቸው ሽባ የሆነ፣ ጀርመንታውን የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ካህን ሄደ፤ ዘመድ ሄደ። ሁሉም «እርስዎ» እያለ፣ አንገቱን እየደፋ፣ ተክዞ ይመለሳል። ሩት ተልካ ሄደች። አሜሪካ የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ የሰማችው የቤት አማርኛ ነው። እኔ እሷን «አንቺ» ስላት እሷም ዓለሙን ሁሉ አንተና አንቺ ነው የምትለው። በራቸውን ከፍታ ገባችና በዕድሜ አያቷ የሚሆኑትን ሰው «አንተ፣ ልብስህን ልበስ፤ ወጣ እንበል» አለቻቸው። ሚስታቸው በድንጋጤ አፋቸውን ያዙ። አቶ ታደሰ ግን ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ሁሉም እንደ ሬሳ ሲያከብረኝ ከርሞ አንዲት ልጅ መጥታ ሰደበችኝ፤ ያን ጊዜ በሕይወት እንዳለሁ ገባኝ» ይላሉ እስካሁን። ዛሬ እሳቸውም መኪናቸውን ይነዳሉ።

ይህን ሁሉ ስትሠራ እናቷ ግን አንድ ጥያቄ በሆዷ ይዛ ነበር። ሩት ሕመሟን ለገነት አልነገረቻትም፤ እናቷ ከሥራ ላይ ሥራ እየደረበች እንዳትሳቀቅ ብላ ነው። ስለዚህ ሰውየው «ደብቃኝ ነው» ሲል ገነት አመነችው። «ከእኔ የደበቀች ልጅ ከእሱም ትደብቃለች። የተማረ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር አይዋሽም» ትለኝ ነበር። አንዳንዴ ሲከፋት «ለምን ደበቅሽን?» ትላታለች። ሩት መጀመሪያ ትመልስላት ነበር። በኋላ መመለስ ተወች። ሬሳ ሳጥኑ እስኪዘጋ ድረስ በእናትና በልጅ መካከል ይህ ነገር እንደ ቆመ ነበር። ሰውየውን ይቅር በዪው ብላችሁ ሽማግሌ የምትልኩብኝ ይህን ከልባችሁ አስቡልኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «ደብቃ ነው አሉ» ስትሉ የሰማኋችሁም ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሩት በሕይወት ሳለች ሰውየው እዚሁ አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ሌላ ቡድን ማሠልጠን መጀመሩን ሰማሁ። ሩትን አራት የእንግሊዝኛ ቃል አስጠኚኝ አልኳትና አጠናሁ፦ «ዲድ ሺ ቴል ዩ?» ነግራህ ነበር ወይ፣ ማለት ነው። ባቡር ይዤ ሄድኩ። ጥቁሬን ለብሼ፣ ከአሰልጣኞቹ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ባየኝ ቁጥር ጥያቄዬን እላለሁ። አልጮህም፤ እንዲሰማ ብቻ ነው የምለው። በእረፍቱ ሰዓት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣ። የእኛው ሰው ነው።

«እማማ፣ እባክዎ ይውጡልኝ። አሰልጣኙ ፈርቷል።»

«ምኔን ነው የሚፈራው? ነጠላዬን?»

«እኔን ከሥራ ያስባርሩኛል።»

«አንተን ማን ነካህ? ቲኬት ቆርጬ ነው የተቀመጥኩት። ይልቅ አንተም ተቀመጥ፤ እግርህ ያብጣል።»

ልጁ ሳቁን ለመያዝ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሰውየው ጨዋታው ሲያልቅ በጓሮ በር ወጣ።

ቤት ስመለስ ሩት ተቆጣችኝ። «አሳፈርሽኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ፊቷን ሳታዞር «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም። በጓሮ ወጣ።» ዊልቸሯን ወደ እኔ አዞረች። «በሚቀጥለው እኔ እወስድሻለሁ» አለችኝ። ቂም የለባትም የምትሉ፣ ይህንንም እወቁ። ገንዘብ አልፈለገችም፤ ፍርድ ቤትም አልፈለገችም። «በራሱ አፍ ይበለው፣ እናቴ ትስማው» ነው ያለችው። ክረምቱን ሙሉ አብረን ሄድን። እሷ በዊልቸሯ፣ እኔ ከጎኗ። አንድም ቀን ወደ እኛ ቀና ብሎ አላየም። በሚቀጥለው ክረምት ሳንባዋ ታመመ።

ሩትዬ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው ለአንቺ ነው። ያልሰማሽውን ላሰማሽ።

ሰውየው ለቅሶሽ ላይ መጣ። ሰው ተነሥቶ ወንበር ለቀቀለት፤ ለቅሶ የመጣ አይመለስምና እኔም አልከለከልኩትም። ጎንበስ ብሎ ያችኑ ቃል አለኝ። እጁን ያዝኩት፤ አለቀቅኩትም። አቶ ታደሰን «ምንም ሳያለሳልሱ ያስተርጉሙልኝ» አልኳቸው። «በእኛ ቋንቋ ላዘነ ሰው አንድ ቃል አለ፤ ላጠፋ ሰው ሌላ ቃል አለ። በአንዱ ገብተህ የሌላውን ወሰድክብኝ። አዝነህ ከሆነ ተቀመጥ፤ ውሃ ይሰጡሃል። አጥፍተህ ከሆነ ለሩት ሳትፈራ መልስላት፤ እናቷ እዚህ ናት» አልኩት። ከዚያ አራቱን ቃል ራሴ አልኩ።

 እናትሽ ፊቷን የሸፈነችበትን ነጠላ አወረደች። ሰውየው እጁን ሊያስለቅቀኝ አልሞከረም። እሷን ነው ያየው።

አልሳምኩትም ልጄ። ይቅር አላልኩትም፤ ይቅርታው የአንቺ ነበርና ይዘሽው ሄደሻል። ሲወጣም አልሸኘሁትም። እናትሽ ከዚያን ቀን ጀምራ አልጋሽ ላይ ነው የምትተኛው፤ ስምሽን እየጠራች «ነግረሽ ነበር፣ ነግረሽ ነበር» ትላለች። እኔ ደግሞ ይህን ጽፌ ላወቀሽ ሁሉ እልካለሁ፤ ያሙሽም ያነቡታል። በሰላም እረፊ፤ የምትከራከሪበት ነገር አልቀረም። የሰጠኝ መልስ ይህ ነው፦

«አዎ። አውቶቡሱ ውስጥ ነግራኛለች።»