ዩኒት የሌለው ሠላሳ

ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ ከዲላ የምወጣበት ዋዜማ ማታ፣ የባለቤቴ አባት ጋሽ በቀለ ከጨለለቅቱ አንድ ፈረሱላ ቡና በሞተር አስጭነው መጡልኝ። አውሮፕላኑ የሚፈቅደው ሻንጣ ሃያ ሦስት ኪሎ ነው፤ አንድ ፈረሱላ ደግሞ ዐሥራ ሰባት። ቡናውን ካስገባሁ ሱሪ ይዤ መሄዴ ያጠራጥራል። የፊዚክስ መምህር ነኝና በዚህ ብቻ አላበቃሁም፤ እዚያ አገር ፈረሱላ የሚባል ነገር እንደማይታወቅ፣ የሠለጠነ ዓለም በኪሎና በሜትር እንደሚነጋገር አስረዳኋቸው።

"ፈረሱላ ካላወቁ ታዲያ ቡናችንን በምን ይገዙናል?" አሉ ከልባቸው ተገርመው።

ሁለት ኪሎ ያህል ዘግኜ ቀሪውን ለባለቤቴ ለአስቴር ተውኩላት። ሽማግሌው አኩርፈውኝ አመሹ። ልጄ ሜሮን ስንት ጊዜ እንደምቆይ ጠየቀችኝ፤ አንድ ዓመት አልኳት። ዩኒት የሌለው ቁጥር ራቁቱን ገበያ እንደወጣ ሰው ነው እያልኩ ያሳደግኳት ልጅ ናት። መልሴ ዩኒት ስለነበረው አመነችኝ።

እንግሊዝ አገር ስገባ የሠለጠነው ዓለም እንዳስተማርኩት ሆኖ አልጠበቀኝም። ወተት በፓይንት፣ ቁመት በጫማ ነው። ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮ አልጋው አርጅቷልና መጀመሪያ ክብደትህን ንገረኝ አሉ። ስልሳ ስምንት ኪሎ ብላቸው በስቶን ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። ስቶን ድንጋይ ማለት ነው እኮ! ሰው በድንጋይ የሚመዝኑ ሰዎች ናቸው ለካ ፈረሱላን ያስናቁን። ንዴቴ መጣና "አራት ፈረሱላ" አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና አልጋው ይችልሃል ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ምግቡን ተዉት። ዲላ ላይ መሬት ተከምሮ በመደብ የሚሸጠው አቮካዶ እዚህ አንዱ ለብቻው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይተኛል። ብርዱም የቡሌ ብርድ ነው፤ ከቡሌ ግን ወደ ዲላ ወርደው ይሞቃሉ፣ ከዚህ የሚወረድበት የለም።

ቤተሰብ ለማምጣት ቋሚ ሥራ ያስፈልጋል ተባልኩ። ፊዚክሴን የሚፈልግ ስላልተገኘ ዕቃ የሚያደርስ መኪና ልነዳ አመለከትኩ፤ ከገደብ ከተማ ዲላ የአጎቴን የጭነት መኪና ስነዳ ነበር ክረምቱን የማሳልፈው። ለፈተና አጠገቤ የተቀመጠው አለቃ ኮሊን ይባላል። የመንገዱ ምልክት 30 ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። የመኪናው ፍጥነት መቁጠሪያ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለው። ከትንሹ ረድፍ አጠገብ ኪሎ ሜትር የሚል ሳይ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝና በእሱ ሠላሳ ላይ ረጋ ብዬ ቀጠልኩ። ከኋላዬ ክላክሱ ቀለጠ። አንዲት አሮጊት በብስክሌት አለፉኝ።

ኮሊን ለምን እንደምንቀራፈፍ ጠየቀኝ። ምልክቱ ሠላሳ ይላል፣ ሠላሳ እየነዳሁ ነው አልኩት።

"ሠላሳ ምን?" አለኝ።

ዕድሜ ልኬን ተማሪ ሳስጨንቅበት የኖርኩት ጥያቄ ነው።

"ኪሎ ሜትር።"

"ማይል ነው።"

"ታዲያ ለምን አልተጻፈም?"

"እዚህ ሁሉም ያውቀዋላ።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌ መቼ ያርፋል! አንድ ማይል አንድ ነጥብ ስድስት ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሠላሳው አርባ ስምንት እንደሚሆን፣ ዩኒት ሳይጽፍ የመጣ ተማሪ እኔ ዘንድ ዜሮ እንደሚያገኝ፣ ስለዚህም ጥፋቱ የምልክቱ እንደሆነ አስረዳሁት። መምህር ነበርክ እንዴ አለኝ። አዎ አልኩት። ያስታውቃል አለና እንደውልልሃለን ብሎ ሸኘኝ። እስካሁን አልደወለም።

ባለፈው እሑድ ቤት ደወልኩ። መጀመሪያ ስልኩን ያነሱት ጋሽ በቀለ ነበሩ፤ ፈረሱላን አወቁልህ ወይ አሉኝ። አንዲት ሴትዮ አስተምሬያለሁ ስላቸው ስቀው ለሜሮን ሰጧት።

"አባዬ፣ አንድ ዓመት ብለኸኝ ነበር። አለፈ እኮ። አሁን ስንት ቀረህ?"

"ትንሽ" አልኳት።

"ትንሽ ምን?"

ቀን ልበላት፣ ወር ልበላት? ለኮሊን እንኳ ፈጥኜ መልሼ ነበር። ኔትወርኩ ተቆራረጠ አልኳት። ኔትወርኩ ደህና ነበር፤ መልሴን ስትጠብቅ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።