በአውጫጭኝ የተያዝንባቸው ሦስት ቀኖች

መካኒሳ ከቤቴ በታች ካለው ጋራዥ፣ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚወጣው ሽታ በመጣብኝ ቁጥር አያ ደምሴ ትዝ ይሉኛል። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ነው ያቋረጥኩት፣ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አንባቢ ይቻለኝ።

ጣሊያን በወጣ ማግስት ይህ አገር ሁሉ እርሻ ነበር። አባቴ የባላባቱ ጢሰኛ ነበር፣ አያ ደምሴ ደግሞ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩልን ቀጥቃጭ ነበሩ። የተሳለውን ማረሻ ከእጃቸው እየተቀበልን፣ ውሃ ሲጠማቸው ግን እናቴ ለብቻው በተቀመጠ ቅል ነበር የምትሰጣቸው። ቡዳ ናቸው ይባል ነበር። እኔም እሳቸው የነኩትን አልበላም ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ሳለ፣ የባላባቱ ቀይ በሬ ጠፋ። ያኔ ከብት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ አገሬው በሙሉ አንድ በረት ውስጥ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ሽማግሌዎችም ሰውን አንድ በአንድ ገለል አድርገው ያየውን በጆሯቸው ይሰማሉ። እኔም ለአባቴ ስንቅ ይዤ ገብቼ፣ በሩ ላይ የቆመው ጭቃ ሹም አላስወጣ ብሎኝ እዚያው ቀረሁ።

በሁለተኛው ቀን ደመና አንዣበበ። ዝናብ ከመታው ጤፉ አለቀ ማለት ነውና የሁሉም ዓይን ሰማይ ላይ ሆነ። አባቴን ጠጋ ብዬ፣ «አባዬ፣ እኔ አይቻለሁ፤ ፊደል ልቆጥር ወደ ቄሱ ስሄድ ልጅ ታደሰ በሬውን በሰበታ መንገድ ሲነዳው ነበር» አልኩት። ልጅ ታደሰ የባላባቱ የበኩር ልጅ ነው። አባቴ ክንዴን ጨበጠኝ።

«አላየህም።»

«አይቻለሁ እኮ።»

«የምናርሰው መሬት የማን ነው? ንገረኛ። አላየህም።»

በሦስተኛው ቀን አንዱ ጎረቤታችን፣ «ኧረ ቀጥቃጩን በሉና እንገላገል፣ እሱ እንደሆነ የሚያጭደው ጤፍ የለው» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመና መተያየት ጀመሩ። ሳይመሽ ሁሉም በየተራው የአያ ደምሴን ስም ሹክ አለ። አባቴም ገብቶ ወጣ፣ ፊቴን ሳያይ።

አያ ደምሴ በሬውን ይካሱ የሚለውን ፍርድ ሲሰሙ፣ «እናንተ ሰዎች፣ እኔ በሬ ነድቼ የት ላደርሰው ነው? በደጃችሁ ሳልፍ እንኳ ልጆቻችሁን ትሰበስባላችሁ፣ በሬ ስነዳ ሳታዩኝ እንዴት አለፍኩ?» አሉ። ሁሉም ወደ አጨዳው ሮጠ። እሳቸውም ያለቻቸውን አንዲት ላም ለባላባቱ አስረከቡ።

በጋው ሲጋመስ ልጅ ታደሰ በሬውን ሸጦ ጠመንጃ መግዛቱን ሠርግ ቤት ተቀምጦ ራሱ እየሳቀ አወራው። ሰውም አብሮት ሳቀ፤ የጌታ ልጅ ነው፣ በአባቱ ከብት ቢጫወት ምናለበት ተባለ።

«ታዲያ አያ ደምሴን ሌባ አላችኋቸው» አልኩት አባቴን።

«እሱና ልጅ ታደሰ አንድ ናቸው እንዴ?» አለኝ፣ ሳይቆጣ፣ ከልቡ ገርሞት።

ላሚቱን የመለሰ የለም። ክረምት ሊገባ ሲል አያ ደምሴ ወናፋቸውን ተሸክመው ከነልጆቻቸው አገሩን ለቀቁ፣ እኛም ማረሻ ለማሳል የግማሽ ቀን መንገድ እንሄድ ጀመር። በዚያ መንገድ ሌላው ሲያማርር አባቴ ማረሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀድሞ ይራመድ ነበር።

ንጉሡም ሄዱ፣ ደርግም ይኸው በቅርቡ ሄደ፣ እርሻውም የቤት ሰፈር ሆነ። ባለፈው ወር ከአንድ ነጋዴ ግቢ የውሃ ፓምፕ ጠፍቶ ቀበሌ ሰበሰበን፣ ሰውም አንድ ምስክር ሳይኖር አሮጌ ብረት እየዞረ የሚገዛውን ቆራሌ ስም ጠራ። ሊቀመንበሩ የሰረቀው እሱ ነው የሚል ወረቀት አቅርቦ፣ «አባባ፣ ይፈርሙና ወደየቤታችን እንሂድ» አለኝ።

«ያላየሁትን አልፈርምም» ብዬ ወጣሁ።

አባቴ የሚያርሰውን መሬት እንዳይነጠቅ ፈርቶ ነበር። እነዚህ ምን እንደሚፈሩ አላውቅም፤ የሚነጥቃቸው ባላባት የለም። ደጅ ቆሜ ጥቂት ጠበቅኩ፣ ተከትሎኝ የወጣ አልነበረም።