የሳላሀዲን ኦሪጅናል ዲግሪ

ሳላሀዲን ከተመረቀ አራት ዓመቱ ነው። ሥራ ባመለከተ ቁጥር የዲግሪውን ኮፒ የማነሳለት እኔ ነኝ፤ ባምቢስ ሰፈር ኮፒ ቤት አለኝ። ትናንት ለኢንተርቪው ሲሄድ፣ «ኦሪጅናሉንም ያዝ፤ እሱን ሳያዩ አይቀጥሩህም» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው።

ካዛንቺስ ሲደርስ ሁለት ዱርዬዎች ላፕቶፕ የያዘ መስሏቸው ቦርሳውን ያዙበት። ቢለቅላቸው ይሄዱ ነበር። እሱ ግን ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጣብቆ አስፋልቱ ላይ ተኛበት። ፊቱን በጫማ ረጋገጡት። ሁለት ጥርሱ ረገፈ፣ ጣቱ ተሰበረ፤ አለቀቀም። ሰው ሲሰበሰብ ጥለውት ሮጡ።

እንደዚያው ደሙን እየዋጠ ኢንተርቪው ገባ። ጠያቂዋ ዲግሪውን በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አደረገችው።

«ኦሪጅናል አንፈልግም» አለችው። «ኮፒው ይበቃል።»