ሽንት ቤቱን ያሳየን ሻጭ

እናቴ ለንደንን የምታውቃት በሽንት ቤቶቿ ነው። የማህፀን ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ ሽንቷ ቀጠሮ አይሰጥም፤ መጣሁ ካለ መጣ ነው። ስለዚህ ስትሪትሃም ካለው ቤታችን ስትወጣ መንገድ የምትመርጠው በቅርበቱ አይደለም፤ በመሃል ባሉት በሮች ነው። መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቀጥሎ ሱፐርማርኬቱ፣ ከዚያ ሳትገዛም የሚያስገባት ካፌ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የነበረው የገበያ አዳራሽ ሊፈርስ ሲዘጋ ሰዉ ሁሉ ለሱቆቹና ለትዝታው ሲያዝን እሷ ያዘነችው ለሽንት ቤቱ ነበር። "ቅርብ ነበር እኮ፣ ወረፋም የለው" እያለች ሳምንት ሙሉ አነሳችው።

ታላቅ እህቷ ሊድስ ትኖራለች። አክስቴ እግሯ ከከዳት ወዲህ ከተሽከርካሪ ወንበሯ አትነሳም፣ ለንደን መምጣት አትችልም። እናቴ አንድ ጊዜ ልትሄድላት ሞክራ ነበር። ሽንት ቤት አለው በተባለ የረጅም መንገድ አውቶብስ ተሳፈረች። አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ተቆላልፎ በቆሙበት ሰዓት ተነስታ ብትሄድ፣ በሩ ላይ "አይሠራም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የሆነው ሆነ። በሚቀጥለው ማቆሚያ ወርዳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እህትማማቾቹ የተያዩት በስልክ ብቻ ነው። አንድ እሁድ ስልኩን ዘግታ "ሳንተቃቀፍ ከሁለት አንዳችን እንሞታለን" አለች።

አባቴ ይህን ሰምቶ ካምፐርቫን እንግዛ አለ። ሠላሳ ዓመት የለንደን አውቶብስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ ሞተር ሲያነሱበት ፊቱ ይበራል። "አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ አገር እናያለን" አለ። መኪናው የሚገዛው ለሽንት ቤቱ መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን፣ ሦስታችንም አላልነውም። በእኛ ቤት ያ ቃል አይጠራም። አባቴ "ያ ነገር" ይለዋል። አስቂኙ ነገር እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራችው ያንኑ ነገር በማጠብ ነው፤ ባለ ብዙ ፎቅ ባንክ ውስጥ፣ ሠራተኞቹ ሳይመጡ በጠዋት እየገባች። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቁት "ባንክ ነው የምትሠራው" ይላል። እኔም ትምህርት ቤት እንደዚያው ነበር የምለው። ውሸት አይደለም፣ ባንክ ውስጥ ነበረች።

እኔ እዚሁ የተወለድኩ ስለሆንኩ የቤቱ አስተርጓሚ ነኝ። ሁለቱም እንግሊዝኛ ይችላሉ፣ ግን ፊርማ ያለበት ጉዳይ ሲመጣ እኔ ካልተናገርኩ ልባቸው አያርፍም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ለሐኪሙም ለካውንስሉ ጽሕፈት ቤትም ስናገርላቸው ኖሬያለሁ። ሳስተረጉም አጥቤ ነው የማስተላልፈው፤ ያሳፈረኝን እተወዋለሁ። ይህን ማንም አዞኝ አያውቅም።

መጀመሪያ የሄድነው ሃርልስደን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ወደጠቆሙን ያገራችን ልጅ ነው። ከጋራዥ ጀርባ መኪና ይሸጣል። አባቴን ሲያይ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። "እናቴ፣ ኧረ ለምን ይቆማሉ!" ብሎ ወንበር አመጣ፣ በእጅጌው ጠረገላት። ከጎረቤት ምግብ ቤት ጥብስ አስመጣ። አባቴ አልፈልግም አለ፣ እሱ በሞቴ አለ፣ እናም በላን። በመጨረሻም ተነስቶ እናቴን አጎረሳት። ካጎረሰህ ሰው ዕቃ ላይ እንከን ፈልግ ቢሉህ ከየት ትጀምራለህ? አፍህ እንደሞላ ነው።

አባቴ የሚሸጠውን ካምፐርቫን ኮፈን ከፍቶ ሞተሩን ያዳምጣል፤ "ይሄ ሞተር ገና ልጅ ነው" ይላል። እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና "ያንን ጠይቂው" አለችኝ። እኔ ያ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም።

"ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ይሠራል?" አልኩት።

"ሁሉም ይሠራል እህቴ! ፉል ሰርቪስ የተደረገ ነው። ቤት በይው!"

እናቴ በዚህ መሃል ተነስታ መኪናው ውስጥ ገብታ የሽንት ቤቱን ትንሽ በር እጀታ ስባለች። ተቆልፏል።

"የእሱ ቁልፍ ቤት ቀርቶ ነው እናቴ" አላት። "ለእሱ ደግሞ ምን አስጨነቅዎት? በየመንገዱ መጸዳጃ ያለው ሰርቪስ ጣቢያ ሞልቶ!"

ሳቀ። እናቴም አብራው ሳቀች፣ ሌላ ምን ታድርግ። ስንመለስ አባቴ አውቶብስ ውስጥ "የጨዋ ልጅ ነው" አለ። እናቴ "ቁልፉስ?" ብትለው ተቆጣ። "ቁልፍ የትም አይሄድም! ሰውየው እኮ አጎረሰሽ! ማክሰኞ እንመጣለን ብዬዋለሁ።" እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አለመከራከሯ አናደደኝ፤ በእሷ ነው ወይስ በራሴ ለማለት ይቸግረኛል። "አባዬ፣ ቢያንስ አንድ ሌላ ቦታ ቼክ እናድርግ፣ ፕሊስ" አልኩት። እያጉረመረመ እሺ አለ።

ሁለተኛው ከክሮይደን ወዲያ ያለ ሰፊ ግቢ ነው። ሻጩ ወፍራም እንግሊዛዊ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የእንቁላል ሳንድዊች ይበላል። አልተነሳም። አልጨበጠንም። እያላመጠ "እህ?" አለን። ወንበር የሚባል ነገር የለም። አባቴ በአማርኛ "ባለጌ ነው፣ እንሂድ" አለ።

ሰውየው በሳንድዊቹ ወደ መኪኖቹ ጠቆመ። "ያኛው ጣሪያው ያፈሳል፣ አትግዙት። ነጩ ማርሹ ያስቸግራል። ሦስተኛው ደህና ነው፣ ግን ያስጠላል።"

እውነትም ያስጠላል። ቡናማ መስመር የተሰመረበት ነው፣ መጋረጃዎቹ ላይ ዳክዬ ተስሏል።

"የራሱን ዕቃ የሚያማ ነጋዴ አይቼ አላውቅም" አለ አባቴ። "የደበቀው ነገር ቢኖር ነው።"

እናቴ እንደገና ጎሸም አደረገችኝ። እኔም እንደገና ሸሸሁ። "ስንት ሰው ያስተኛል?" ብዬ ጠየቅኩት። "አራት፣ ከተዋደዱ" አለኝ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ሳጥበው የኖርኩትን ሁሉ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያለውን፣ ስታውቅ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ በራሷ እንግሊዝኛ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ሽንት ቤቱ ይሠራል?" አለችው።

አባቴ ሳለ። እኔ "ኖ፣ እማ፣ ፕሊስ" አልኩ። ሰውየው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንድዊቹን አስቀመጠ።

"ቶሎ ቶሎ ነው የሚመጣብሽ?" አላት። እንግሊዝኛ አንቺና አንቱ አይለይም እንጂ፣ ቢለይ ኖሮ ይህ ሰው "አንቺ" ነበር የሚላት።

"በጣም ቶሎ" አለችው።

ተነሳ። ከመኪናው ውጭ በጎን በኩል ያለች ትንሽ በር ከፍቶ ከሽንት ቤቱ ሥር ያለውን ማጠራቀሚያ ሳበው፣ ክዳኑን ከፍቶ እጁን ከተተበት። የት እንደሚደፋ፣ በስንት ቀን እንደሚደፋ፣ ሽታ የሚያጠፋው ሰማያዊ ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚጨመር ነገራት። "ይህ የክዳኑ ጎማ ካልያዘ ደግሞ ያው፣ አራችሁ እግራችሁ ሥር ነው" አለ። አባቴ የመኪናውን ጎማ እንደሚያይ ሰው ወደ ኋላ ሄደ። እናቴ በክት ልብሷ ተንበረከከች። አውራ ጣቷን በጎማው ዙሪያ አዞረች፣ ጣቷን አሸተተች።

"ደርቋል" አለችው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። "ልክ ነሽ። ከገዢ ማንም አይቶልኝ አያውቅም። ከየት አወቅሽው?"

"ሽንት ቤት ነበር የማጥበው። ሃያ ሁለት ዓመት። ባንክ ውስጥ።"

እንዲህ ብላ፣ አባቴ እየሰማ። መጀመሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ቀጥሎ ያፈርኩት በማፈሬ ነው፣ ያኛው ይበልጥ አቃጠለኝ። እሷ እኮ ዕቃ እንደሚያውቅ ባለሙያ ነበር የተናገረችው፣ ሰውየውም እንደ ባለሙያ ነበር የሰማት።

አዲስ የክዳን ጎማ አምጥቶ እዚያው ቀየረው። ውሃ ሞላና "ግቢና ሞክሪው" አላት። ገባች፣ በሩን ዘጋች። ሦስታችን ውጭ ቆምን። ድምፅ እንዳይሰማ ይሁን እንጃ፣ አባቴ ስለ ጎማ ንፋስ ጮክ ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር፤ እኔ ስለ ጎማ ንፋስ ምን አውቃለሁ? ውሃው ሲወርድ ተሰማ። እናቴ ወጣችና "ይሄን ሰውዬ አምኜዋለሁ" አለች።

"ሰላምታ እንኳ የማያውቅ!" አለ አባቴ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ይሄ የመኪናውን በሽታ ነገረኝ፣ እኔም የራሴን ነገርኩት። ያኛው አጎረሰኝ።"

አባቴ ገንዘቡን ቆጥሮ ከፈለ። ለሃርልስደኑ ልጅ ደውሎ ማክሰኞ እንደማንመጣ መንገር ግን ሞቱ ሆነና እኔን አስደወለኝ። ልጁ አሁንም ጨዋ ነው፤ "ምንም አይደል እህቴ፣ ቁልፉ ግን ተገኝቷል" አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሊድስ ተነሳን። አባቴ እንደ አውቶብስ ነው የነዳው፣ በየሃያ ደቂቃው "ልቁም?" ይላል። እናቴ "ንዳ" ትለዋለች። ያኔ አውቶብሱ የቆመበት አካባቢ ስንደርስ በዳክዬው መጋረጃ አጮልቃ አየች። አምስት ሰዓት ያህል ሄድን። አንድም ጊዜ አልተነሳችም።

አባቴ አክስቴ በር ላይ ሲያቆም ቅር ብሎታል። "ይሄን ሁሉ መንገድ አንዴ እንኳ ሳትገቢበት?" አላት።

"ከኋላዬ መኖሩን ካወቅኩ ምን ያጣድፈኛል" አለችው።

አክስቴ በወንበሯ በሩን ከፍታ ትጠብቃለች። እናቴ ሄዳ ጭኗ ላይ ተደፋች። ሁለት አሮጊቶች አንድ ላይ ሲያለቅሱ የሚያሰሙት ድምፅ አያምርም፣ ግን ያንጀት ነው። አክስቴ ጸጉሯን እያሻሸች "ምን ብበድልሽ ነው አራት ዓመት የቀረሽው?" አለቻት። እናቴ ቀና ብላ ነገረችው፤ አውቶብሱን፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት፣ ነጠላውን፣ ሁሉንም።

አክስቴ እጇን ከጸጉሯ አነሳች። "ለሽንት? ለሽንት ብለሽ ነው? አንቺ ቂል፣ እኔ እኮ ፓድ አስሬ ነው የምውለው!" ብላ ጭኗን መታች፣ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እናቴም ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች። ከዚያ አክስቴ ወደ እኔ ዞራ "ታዲያ ይቺ ልጅሽ ሥራ በዝቶባት ነው ስትለኝ ከረመች እኮ" አለች። "እኔማ አኩርፈሽኝ መስሎኝ፣ ስንቱን ሌሊት አለቀስኩ።"

እውነቷን ነው። በደወለች ቁጥር ስልኩን አንስቼ፣ እናቴ ለምን እንደማትመጣ ስትጠይቀኝ፣ እናቴን ሳላማክር፣ "ሥራ በዝቶባት ነው" ያልኳት እኔ ነኝ።

ዕቃ ላውርድ ብዬ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ትንሿን ክፍል ከፍቼ ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ፣ ክዳኑ ላይ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።